የባለ አንድ እጁ ሻለቃ ወንዝ

ከፍላግስታፍ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያቀና መንገደኛ፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በጥድ ደንና በደረቅ ሜዳ ውስጥ ሲጓዝ ከፊቱ ምን እንደሚጠብቀው የሚያመለክት አንዳች ነገር ስለማያይ፣ መኪናውን አቁሞ ጥቂት እንደ ተራመደ ከግራንድ ካንየን አፋፍ ላይ በደረሰ ጊዜ፣ ምድር ከእግሩ ሥር የከዳችው መስሎት ወደ ኋላ ማፈግፈጉ የተለመደ ነው። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ቆሞ ያየ ኢትዮጵያዊ ድንጋጤው ከሌላው መንገደኛ ቢያንስም መደነቁ አይቀርለትም፤ የኛው ገደል ዛፍና እርሻ፣ መንደርና ቤተ ክርስቲያን ተሸክሞ በየእርከኑ የሚወርድ ሲሆን፣ ይህኛው ግን ልብሱን እንደ ተገፈፈ ሁሉ ራቁቱን የቆመ ቀይ ድንጋይ ነውና። ርዝመቱ 446 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ በሰፊው ቦታ 29 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው ተብሎ በሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ ነገር ግን ዓይን ይህን ቁጥር የሚያምነው እታች በጥቁሩ ድንጋይ መካከል እንደ ክር የቀጠነችውን ውሃ ፈልጎ ካገኘ በኋላ ነው። ይህችም ክር የኮሎራዶ ወንዝ ናት።

እኔ ወደዚያ የሄድኩት ድንጋዩን ለማየት ብቻ አልነበረም። በደቡቡ አፋፍ፣ ፓዌል ፖይንት በሚባለው ወጣ ያለ ጉብታ ላይ፣ በ1918 የተመረቀ፣ ከድንጋይ የታነጸና በደረጃ የሚወጡት፣ የጥንት ሰዎች መሠዊያ አምሳል የሆነ መታሰቢያ አለ። (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጽፍ አንባቢ ይወቅልኝ።) የቆመውም በጦርነት ቀኝ እጁን አጥቶ፣ በግራ እጁ ብቻ ይህን ወንዝ ከላይ እስከ ታች በጀልባ ለወረደው ለሻለቃ ጆን ዌስሊ ፓዌል ነው። አብረውኝ የተጓዙት ሽማግሌ፣ በወጣትነታቸው በሀገራችን ወንዞች ላይ ውሃ ሲለኩ የኖሩና ዛሬ በሜሪላንድ ከልጆቻቸው ዘንድ የሚጦሩ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ከደረጃው አረፍ ብለው በትራቸውን በጉልበታቸው ላይ ካጋደሙ በኋላ፣ «አንተ ልጅ፣ ሰው ሁሉ ይህን ሰውዬ የሚያነሣው በጀብዱው ነው፤ እኔ ግን የማውቀው በሥራው ነው፤ የሙያ አባቴ ነው» አሉኝ። ይህ ቃላቸው በቀረው መንገድ ሁሉ ስለ ተከተለኝ፣ የምጽፈውም ማስታወሻ ከጀብዱው ይልቅ ወደ ሥራው ቢያዘነብል ምክንያቱ እሱ ነው።

ፓዌል በ1834 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ማውንት ሞሪስ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ ከእንግሊዝ ሀገር የፈለሰ የሜቶዲስት ሰባኪ ስለ ነበር፣ ልጁን የእምነቱ መሥራች በሆነው በጆን ዌስሊ ስም ሰየመው፤ አሳቡም ስሙን እንደ ወረሰ ግብሩንም ወርሶ ወንጌል እንዲሰብክለት ነበር። ይሁን እንጂ አባትየው ባርነትን በአደባባይ የሚያወግዝ ሰው በመሆኑ፣ ቤተ ሰቡ በኦሃዮ በኖረበት ዘመን የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሕፃኑን በድንጋይ እየወገሩ መግቢያ መውጫ ስላሳጡት፣ ጆርጅ ክሩካም ከሚባል፣ ራሱን በራሱ ካስተማረ የጎረቤት ሊቅ እግር ሥር ሆኖ እንዲማር ተደረገ። ያም ሊቅ ከመጽሐፉ ጋር ወደ ጫካና ወደ ወንዝ እየወሰደ ቅጠሉን ከቅጠል፣ ድንጋዩን ከድንጋይ እንዲለይ ስላስለመደው፣ ለመንበረ ስብከት የታጨው ልጅ በሥነ ፍጥረት ፍቅር ተማርኮ ቀረ። ከአንድ በላይ ኮሌጅ ቢገባም ከአንዳቸውም ዲግሪ አልያዘም፤ በ1856 ግን ታላቁን የሚሲሲፒን ወንዝ በጀልባ እየቀዘፈ እስከ ባሕር ድረስ ወረደ።

በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ በተራ ወታደርነት ተመዘገበ። ስለ ምሽግና ስለ ድልድይ አሠራር የሚያስተምሩ መጻሕፍት ፈልጎ ያነበበ ስለ ነበር፣ ኬፕ ጂራርዶ በምትባል የሚሲሲፒ ዳር ከተማ የምሽጉን ሥራ እንዲመራ አደረጉት፤ መሐንዲስነቱ የተጀመረው በዚህ ዓይነት ነው፤ በወረቀት የተመሰከረለት መሐንዲስ ግን አንድም ቀን ሆኖ አያውቅም። ኤፕሪል 6 ቀን 1862 በሻይሎ የጦር ሜዳ፣ የመድፈኞች ሻምበል ሳለ፣ «ተኩስ» ለማለት ቀኝ እጁን ባነሣበት ቅጽበት ጥይት አገኘውና፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሐኪሞች ከክርኑ አጠገብ ቆረጡት። በሁለት ቀን ውጊያ ከሁለቱም ወገን 23,000 የሚበልጥ ሰው የሞተበት፣ የቆሰለበትና የጠፋበት ጦርነት ስለ ነበር፣ የአንድ ሻምበል እጅ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም፤ ሚስቱ ኤማ ዲን ግን ከአጠገቡ ሳትለይ አስታመመችው። ቁስሉ ሲጠግግ ወደ ሠራዊቱ ተመለሰ፤ በ1863 የቪክስበርግ ከተማ በተከበበችበት ወራትም፣ ምሽግ ሲቆፈር ከአፈሩ ውስጥ የሚወጡትን፣ በዘመን ብዛት ወደ ድንጋይ የተለወጡትን የጥንት ቀንድ አውጣዎች እየለቀመ ያስቀምጥ ነበር ይባላል። በላዩ ጥይት እያፏጨ ቀንድ አውጣ የሚለቅም ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። በ1865 የሻለቃነት ማዕርግ ይዞ ተሰናበተ፤ የተቆረጠው ክንዱ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠዘጥዘው ኖረ፤ ሰውም እስኪሞት ድረስ «ሻለቃው» እያለ ይጠራው ነበር።

አካሉ የጎደለ ወታደር፣ መንግሥት የሚሰጠውን ጡረታ ተቀብሎ ከምድጃ ዳር ቢቀመጥ የሚነቅፈው ባልኖረም ነበር። ፓዌል ግን በኢሊኖይ የሥነ ምድር መምህር ሆነና፣ ክፍል ውስጥ ከማስተማር ይልቅ ተማሪዎቹን እየመራ ወደ ሮኪ ተራሮች ይወጣ ጀመር፤ በኦገስት 1868 ሎንግስ ፒክ ከሚባለው፣ 4,346 ሜትር ከፍታ ካለውና ከዚያ በፊት የወጣው ሰው ስለ መኖሩ ጽሑፍ ከማይገኝለት ተራራ ጫፍ ላይ ቆመ። ከነዚያ ተራሮች ሆኖ ወደ ምዕራብ ሲመለከት፣ ወንዞቹ ሁሉ የሚገቡበትን፣ በካርታ ላይ ግን ባዶ ሆኖ የተተወውን ሰፊ ሀገር አየና ልቡ በዚያ ቀረ።

ሜይ 24 ቀን 1869፣ ማለትም በሀገራችን ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ባለፉ በዓመቱ፣ በዋዮሚንግ ከግሪን ሪቨር ጣቢያ በአራት ጀልባዎች ዐሥር ሰዎች ተነሡ። ጀልባዎቹ ከቺካጎ የመጡት በባቡር ሲሆን፣ ያም ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ከተጋጠመ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። የዐሥር ወር ስንቅ ተጭኗል፤ ከሰዎቹም የሚበዙት የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። መሪያቸው በአንድ እጁ መቅዘፍ ስለማይችል፣ ሥራው በፊተኛዪቱ ጀልባ ላይ ቆሞ ወንዙን ማንበብና መለካት ሆነ። የመለኪያዎቹ ዋነኛ ባሮሜትር ነበር፤ ይኸውም በመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለው ባዜቃ ከፍ ዝቅ በማለቱ የቦታውን ከፍታ የሚያስታውቅ መሣሪያ ነው። የመነሻውና የመድረሻው ከፍታ ስለሚታወቅ፣ ዛሬ ያለንበትን ከፍታ ያወቅን እንደ ሆነ ወንዙ ገና ስንት ሜትር መውረድ እንደ ቀረው እናውቃለን፤ ወንዙም ያን ሁሉ ቁልቁለት በአንድ ትልቅ ፏፏቴ ይጨርሰው ወይስ በየጥቂቱ ይከፋፍለው፣ ይህን ግን ማንም አያውቅም። እንግዲህ ባሮሜትሩ ለነዚያ ሰዎች የፍርሃታቸው መለኪያ ጭምር ነበር ለማለት ይቻላል።

በጁን ወር ሎዶር በተባለው ሸለቆ ውስጥ አንደኛዋ ጀልባ ከዐለት ተላትማ ተሰባበረች፤ ባሮሜትሮቹም በሙሉ በርሷ ውስጥ ነበሩ። በማግሥቱ ሁለት ሰዎች ነፍሳቸውን ሸጠው ከወንዙ መካከል ወደ ቀረው ስብርባሪ ሲደርሱ እልልታ አሰሙ፤ ሻለቃውም ለሥነ ፍጥረት ምርምር ያላቸው ፍቅር ይህን ያህል መሆኑን አይቶ ልቡ ተነካ፤ በኋላ እንደ ታወቀው ግን ሰዎቹ እልል ያሉት እሱ ሳያውቅ የጫኑትን የውስኪ በርሜል ስላገኙት ነበር። ባሮሜትሮቹም ደኅና ተገኙ። ፓዌል ይህን ራሱ ጽፎ መተዉ፣ ውሃው ከበረዶ የቀዘቀዘ ስለ ነበረም በበርሜሉ መገኘት እሱም ደስ እንዳለው መጨመሩ፣ ሰውየው ምንም ቢኮሳተር ጨዋታ የማይጠላ እንደ ነበር ያሳያል።

የገደሉን ነገር ግን ሳልዘረዝር አላልፍም፤ ምክንያቱም ከአፋፉ ሆኜ እግሬ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ትዝ ያለኝ ይኸው ነበር። በዚያው ጉዞ ሻለቃውና ጆርጅ ብራድሊ የሚባለው ሰው ከፍታ ለመለካት ከወንዙ ዳር ቀጥ ያለ ዐለት ይወጡ ጀመር። ሻለቃው ከአንዲት ጠባብ መቆሚያ ወደ ሌላዪቱ ዘሎ በግራ እጁ አንዲት የድንጋይ ዘርፍ ከጨበጠ በኋላ፣ ወደፊት መውጣትም ወደ ኋላ መውረድም የማይቻል ሆነበት፤ እጁን ቢለቅ ይወድቃል፣ ሌላ የሚይዝበት እጅ ደግሞ የለውም። ብራድሊ ከበላዩ ካለው እርከን ደርሶ ቢጎነበስ አልደረሰበትም፤ በአካባቢውም ዛፍ የለ፣ በእጁም ገመድ የለ። የሻለቃው ጉልበት መብረክረክ ሲጀምር ብራድሊ መላ መጣለት፤ ረጅሙን የውስጥ ሱሪውን አውልቆ ወደ ታች ለቀቀለት። አሁን የቀረው ነገር ከሁሉ የከፋው ነበር፤ ሱሪውን ለመያዝ የግድ የጨበጠውን ድንጋይ መልቀቅ ያስፈልጋልና። ሻለቃው ደረቱን ከዐለቱ ጋር አጣብቆ፣ እጁን ለቅቆ፣ ወደ ኋላ መውደቅ በጀመረባት ቅጽበት ጨርቁን ጨበጠ፤ ብራድሊም ጎትቶ አወጣው። ከዚህም በኋላ እንደዋዛ መንገዳቸውን ቀጥለው ጫፍ ደረሱና ከፍታውን ለኩ።

የቀረው የጉዞው ታሪክ የረኀብ ታሪክ ነው። ዱቄቱ ሻግቶ በወባ አጎበር መንፋት ግድ ሆነ፤ የአሳማው ሥጋ ገማ፤ በመጨረሻ የቀራቸው ያ ዱቄት፣ የደረቀ ፖምና ቡና ብቻ ነበር። ወደ ኦገስት መጨረሻ ከአንድ አስፈሪ የውሃ ቁልቁለት ሲደርሱ፣ ወንድማማቾቹ ኦራሜልና ሴኔካ ሃውላንድ፣ ከዊሊያም ደን ጋር ሆነው፣ ከዚህ በላይ መውረድ ነፍስን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው ብለው፣ በገደሉ ወጥተው በእግር ለመሄድ ቆረጡ። ሻለቃው ሌሊቱን ሙሉ በአሸዋው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ አደረ። ኦገስት 28 ቀን ማለዳ እንባ በእንባ ሆነው ተለያዩ፤ ሁለቱም ወገን ሌላው ወደ ሞት የሚሄድ መስሎት ነበር። በጀልባ የቀሩት ሰዎች በማግሥቱ ከገደሉ ወጥተው ሜዳ ላይ ደረሱ፤ በሦስተኛው ቀን ቨርጂን የተባለው ወንዝ ከሚገናኝበት ስፍራ መረብ ጥለው ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ሞርሞን የሚባሉ ሰፋሪዎች አገኙ። ሦስቱ ግን አልተመለሱም። በሚቀጥለው ዓመት ሻለቃው ሺቭዊት ወደሚባለው የሀገሩ ነባር ሕዝብ መንደር ሄዶ ሲጠይቅ፣ ሽማግሌዎቹ አንዲት ሴት ከገደሉ ሰዎች ጋር ተሳስተውብን ነው የገደልናቸው ብለው ነገሩት፤ እሱም ለበቀል አልተነሣም፤ ከመካከላቸው ተኝቶ አደረ። ይህ ሌሊት ከወንዙ ሌሊቶች ሁሉ ይልቅ ስለ ሰውየው ጠባይ ይመሰክራል ባይ ነኝ።

በመታሰቢያው ሐውልት ላይ የነዚያ ሦስት ሰዎች ስም ሳይጻፍ ቀርቷል፤ ከድተው ሄደዋል በሚል ምክንያት ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ፍርድ አልቀበለውም፤ ሦስት ወር ሙሉ አብረው ቀዝፈው፣ አብረው ተርበው፣ የመንገዱን ዘጠኝ እጅ የጨረሱ ሰዎች፣ በመጨረሻዋ ቀን በተለየ አሳብ ስለ ተለዩ ከመዝገብ ሊፋቁ አይገባም ነበር። ሦስቱ ሰዎች ስማቸውን በገዛ እጃቸው የቀረጹት ከላይ በግሌን ካንየን ውስጥ፣ ተጓዦቹ ስለ አስተጋቢነቱ «የዜማ መቅደስ» ብለው በሰየሙት የድንጋይ ጓዳ ግድግዳ ላይ ነበር፤ በሁለተኛው ጉዞ የመጡትም ሰዎች አይተውታል። ዛሬ ያ ግድግዳ ከውሃ በታች ነው። እንዴት ከውሃ በታች ሊሆን እንደ ቻለ በስፍራው እናገረዋለሁ።

ከ1871 እስከ 1872 ስለ ተደረገው ስለ ሁለተኛው ጉዞ ብዙ አልልም፤ የካርታና የፎቶግራፍ ሥራ ነበር፤ ሻለቃውም በጀልባው መካከል በታሰረ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወረደ። እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ሠላሳ ዓመት ነው።

ከአፋፉ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ «ጋሼ፣ የሙያ አባቴ ነው ያሉት ምን ማለትዎ ነው?» ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን ጠርገው መልሰው ካደረጉ በኋላ እንዲህ አጫወቱኝ። «ወንዝ በዓይን አይለካም፤ ዓይን ውሸታም ነው። ከዳር እስከ ዳር የብረት ገመድ ይወጠራል፤ ለካው በገመዱ ላይ በምትንሸራተት ትንሽ ሣጥን ተቀምጦ፣ ወንዙን በክፍል በክፍል ከፋፍሎ፣ በየክፍሉ ጥልቀቱን ይወስዳል። ከዚያ ዙሪያዋን ጽዋ ጽዋ ነገር ያላት መሣሪያ፣ ውሃው እንዳይገፋት ከባድ ብረት ታስሮላት ትወርዳለች። ውሃው ጽዋዎቹን ባዞራቸው ቁጥር በጆሮህ ቀጭ፣ ቀጭ ይልሃል፤ ያንን በሰዓት ቆጥረህ ፍጥነቱን ታገኛለህ። ከላይ ካንድ አምስተኛው፣ ከታች ካራት አምስተኛው ጥልቀት ላይ ለክተህ አማካዩን ትይዛለህ። ስፋት በጥልቀት፣ በፍጥነት አባዝተህ ስትደምረው፣ ወንዙ በሴኮንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያልፍ አወቅህ። ዓባይ፣ ከሴ በሚባለው ስፍራ፣ በነሐሴ ሲሞላ ግንድ እየተንከባለለ ይመጣል፤ ገመዱን ከያዘው ሣጥኑም ለካውም ይሄዳሉ። ስለዚህ አንድ ዓይንህ ከሰዓቱ፣ አንድ ዓይንህ ከወንዙ ነው።»

«ታዲያ ይህን ያስተማራችሁ ፓዌል ነው?»

«እሱማ እኔ ሳልወለድ ሞቷል። እሱ ያሠለጠናቸው ሌሎችን አሠለጠኑ፤ እነዚያ ደግሞ እኛን።»

ነገሩም በእውነት እንዲህ ነው። ፓዌል ከ1881 እስከ 1894 የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ዲሬክተር በነበረበት ጊዜ፣ የሀገሪቱ ምክር ቤት በ1888 የመስኖ ጥናት እንዲጀምር ገንዘብ ቢፈቅድለት፣ ከሁሉ አስቀድሞ ያደረገው ነገር ግድብ መገደብ ሳይሆን፣ በኒው ሜክሲኮ ኤምቡዶ በተባለች መንደር በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር ወጣቶችን ሰብስቦ ውሃ መለካት ማስተማር ነበር። በ1889 የመሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያ የወንዝ መለኪያ ጣቢያ የቆመው በዚያች መንደር ነው። ያን ሥራ የመራው ፍሬድሪክ ኒውዌል፣ በኋላ በ1902 የመስኖ ግድቦችን እንዲሠራ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ዋና መሐንዲስ ሆነ፤ የፓዌል የእህቱ ልጅ መሐንዲሱ አርተር ፓዌል ዴቪስም ይህንኑ መሥሪያ ቤት ከ1914 እስከ 1923 በዲሬክተርነት መርቷል።

ሻለቃውን ጠላት ያፈራበት ግን ይኸው መለካቱ ነበር። በ1878 ስለ ደረቁ ምድር ባቀረበው ሐተታ፣ ከ100ኛው የኬንትሮስ መስመር በስተ ምዕራብ የሚወርደው ዝናም በአብዛኛው በዓመት ከ500 ሚሊ ሜትር ስለማይደርስ፣ በዚያ ሀገር ያለ መስኖ አርሶ መኖር እንደማይቻል፤ መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰፋሪ የሚሰጠው 65 ሄክታር፣ በኛ አነጋገር አንድ ጋሻ ከግማሽ የሚያህል መሬት፣ ለመስኖ እንደሚበዛ፣ ለግጦሽ ግን እጅግ እንደሚያንስና ለከብት አርቢው 26 ጋሻ ያህል እንደሚያስፈልገው፤ የአስተዳደሩም ወሰን በማስመሪያ ሳይሆን ውሃው በሚፈስበት ተፋሰስ ቢከለል እንደሚሻል አመለከተ። ዝናም ማረሻን ተከትሎ ይመጣል ተብሎ በሚሰበክበት፣ የባቡር ኩባንያዎችም መሬት ለመሸጥ በሚጣደፉበት ዘመን ይህን መናገር፣ በሠርግ ቤት ስለ ዕዳ እንደ ማውራት ነበር። በ1890 ምክር ቤቱ ለመስኖ ጥናቱ የሚሰጠውን ገንዘብ ቆረጠበት። በ1893 በሎስ አንጀለስ በተደረገው የመስኖ ጉባኤ ላይ የተዘጋጀ ንግግሩን ትቶ፣ ያለው ውሃ ካለው መሬት ከጥቂቱ በቀር እንደማያጠጣ፣ ለልጅ ልጆቻቸውም የሚያወርሱት የውሃ ክርክር እንደ ሆነ ቢነግራቸው፣ ተሰብሳቢው እየጮኸ አዋረደው። በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን ለቀቀ። በሻይሎ ጥይት ፊት የቆመ ሰው በጩኸት ፊትም ሳይሸሽ ቁጥሩን ተናገረ፤ እኔ ከሁለቱ ይልቅ የኋለኛውን ጀግንነት አስበልጣለሁ፤ ለመጀመሪያው ሽልማት አለው፣ ለሁለተኛው ግን የለውም።

ከዚያ ወደ ፔጅ ከተማ ሄድን። በዚያ ያለው የግሌን ካንየን ግድብ 216 ሜትር ቁመት ያለው የኮንክሪት ቅስት ሲሆን፣ በ1963 በሩ ተዘግቶ ከጀርባው የተኛው ሐይቅ እስኪሞላ 17 ዓመት ፈጅቷል፤ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይዘልቃል፤ ከላይ የተናገርኩትን የዜማ መቅደስ የዋጠውም እሱ ነው። ስሙም ሌክ ፓዌል ተብሏል። የግሌን ካንየንን ስም ያወጣለት፣ ውበቱንም ያደነቀለት ሻለቃው ሆኖ ሳለ፣ ያን ሸለቆ ባሰጠመው ውሃ ላይ ስሙን መለጠፍ ክብር ይሁን ፌዝ ለመለየት ያስቸግራል። ከመመልከቻው ሆነን ስናይ፣ በቀዩ ዐለት ዙሪያ ሁሉ ውሃው በሸሸበት ልክ ነጭ የኖራ ምልክት ተጋድሟል። ጋሼ በትራቸውን ወደዚያ ዘርግተው፣ «ይኸ ሲሞላ የደረሰበት ነው፤ ይኸ ደግሞ ዛሬ ያለው። መካከሉ ዕዳው ነው» አሉ።

የዕዳው አመጣጥ እንዲህ ነው። በ1922 ሰባት ግዛቶች ተሰብስበው የኮሎራዶን ውሃ ለላይኛውና ለታችኛው ተፋሰስ ሲከፋፈሉ፣ በዓመት 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል አደላደሉ፤ ያንም ያደረጉት ከወትሮው የበለጠ ዝናም በዘነበባቸው ዓመታት የተወሰደውን ልኬት ይዘው ስለ ነበር፣ ወንዙ ከዚያ ወዲህ በአማካይ ያን ያህል አላመጣም። የተጻፈው ግን ተጽፎ ቀረ፤ ያልመጣውን ውሃ ሁሉም የኔ ነው ይላል። በ2023 መጀመሪያ ሐይቁ ሊይዝ ከሚችለው ሩቡ እንኳ አልነበረውም።

የኛ ዓባይ በድንበር ላይ ሲያልፍ በዓመት 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ያደርሳል። ይህን ማለት የሚቻለው ደግሞ የለኩ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1964 የኢትዮጵያ መንግሥትና ከላይ ያነሣሁት የአሜሪካ የመስኖ መሥሪያ ቤት ወራሽ የሆነው ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን በአንድነት የዓባይን ተፋሰስ ሲያጠኑ፣ በየገባሩ የመለኪያ ጣቢያ ተተከለ፤ የጋሼ ዓይነት ወጣቶችም ገመድ ላይ ተንጠልጥለው ቀጭ፣ ቀጭ የሚለውን ድምፅ ቆጠሩ። ጥናቱ በዋናው ወንዝ ላይ ካመለከታቸው አራት ታላላቅ የግድብ ስፍራዎች አንዱ በሱዳን ድንበር አጠገብ የሚገኘው ነበር፤ በ2011 ሥራው ተጀምሮ በ2025 የተመረቀው፣ ቁመቱ 145 ሜትር፣ የሚይዘውም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሆነው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የቆመው በዚያው አካባቢ ነው። ስለ ግድቡ የተዘፈነው ብዙ ነው፤ በነሐሴ ሙላት ወንዙን ስለ ለኩት ሰዎች ግን የተዘፈነ አልሰማሁም። ይህን ለጋሼ ብነግራቸው፣ «ዘፈኑ ይቅር፤ ጣቢያዎቹ ሥራ እንዳያቋርጡ ብቻ ንገሩልኝ። አንድ ክረምት ያልተለካ እንደ ሆነ፣ ያን ክረምት ማንም ተመልሶ አይለካውም» አሉ። እኔም አደራቸውን እነሆ አድርሻለሁ።

ሻለቃ ፓዌል፣ የመስኖ ግድቦችን ሥራ የፈቀደው ሕግ ከታወጀ ሦስት ወር ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1902 በሜይን ግዛት ዐረፈ፤ የተቀበረውም ከዋሽንግተን ማዶ በአርሊንግተን የወታደሮች መካነ መቃብር ነው፤ ሚስቱ ኤማም በዚያው ከጎኑ ናት። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ከሀገር ቤት እንግዳ በመጣባችሁ ቁጥር የኬኔዲን መቃብር ለማሳየት ወደዚያ መሄዳችሁ ልማድ ስለ ሆነ፣ በዚያው እግረ መንገዳችሁን የሻለቃውንም ብታዩለት መልካም ነው። መግቢያው ክፍያ የለውም፤ መታወቂያ ግን ይጠየቃል።